ከመስኮቱ ፊት ያለው ቆርቆሮ

ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፤ እቴቴ ግን አምፖል አብርታ ትሰፋለች። ሠዓሊው የእህቷ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ለጊዜው ምንም አልታየውም፤ ደጅ ረፋድ ነው፣ ውስጥ ግን መሽቷል። ቀስ እያለ አልጋው ታየው፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉት ያላለቁ ቀሚሶች ታዩት፣ የስፌት መኪናዋ ታየችው። መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ መስኮቱ ሥር ናት። መስኮቱም አለ፤ መጋረጃው እንደ ድሮው ወደ ጎን ተሰብስቦ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። መንገዱ፣ ታክሲው፣ አላፊ አግዳሚው በነበረበት በኩል ግን የቆርቆሮ አጥር ተገትሯል። እጁን በመስኮቱ ያወጣ ሰው ይነካዋል። ከዚህ ወገን የሚታየው ጀርባው ነው፤ የምስማር ጫፍና ቀለም ያልነካው ቆርቆሮ፣ ሌላ ምንም።

"ግባ ማሙሽ፣" አለችው ቀና ሳትል። "ቆይ ይቺን ክር ላስገባት።" ማሙሽ የምትለው ሰውዬ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ራሰ በራነት የጀመረው ሰውዬ ነው፤ ለእሷ ግን መቼም ቢሆን ማሙሽ ነው። ክሩን ምራቅ አስነክታ አሾለችና ወደ መርፌው ሰደደችው፤ ሳተችው። እንደገና ሰደደችው፤ ሳተችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን "አምጪ እኔ ላስገባልሽ" ብሎ ይቀማት ነበር። ዛሬ እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ ጥፍሩ ሥር የገባው አረንጓዴ ቀለም በነዳጅም ቢታሸ አልለቅ ብሎታል። ቆሞ አያት። በመጨረሻ ክሩ ገባና እቴቴ "እሰይ!" ብላ ለራሷ ሳቀች፤ ስትስቅ የወለቀው የፊት ጥርሷ ቦታ ታየ።

ሻይ ቀዳችለት፤ ዳቦ ቆረሰችለት፤ ከዚያ ተቀምጣ ሆዷን ዘረገፈችለት። አንድ ጠዋት በጭነት መኪና መጥተው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ከመንገዱ ለይተው አጥረውት ሄዱ። ለምን ቢባሉ እንግዶች ሊያልፉ ነው፣ መንገዱ ማማር አለበት አሉ። አሁን መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ወዲያ ማዶ ነዳጅ ማደያው ጋ ሄዶ መዞር ነው፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ ለዚያ አይሆንም። ድሮ ሰው በመንገድ ሲያልፍ በመስኮት ያያታል፤ "እትዬ፣ ይቺን ዚፕ ቀይሪልኝ" ይላታል፣ ሥራ ሥራን እያመጣ ትውላለች። አሁን ማን አይቷት! የድሮ ደንበኛ እንኳ ቤቱ የፈረሰ እየመሰለው አልፎ ይሄዳል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። "ከወዲያ በኩል አበባ እየሣሉበት ነው አሉ፣" አለች። "እኔማ አላየሁትም። አንድ ቀን ቀለም ቀቢው ይሄን ቆርቆሮ ሲጎሽመው መስኮቴ ተንቀጠቀጠና፣ 'አንተ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ሰው አለ እኮ!' ብዬ በጡጫ መታሁለት። ጭጭ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ዝም! የምን ሰው ነው በሞቴ?"

ሠዓሊው ዳቦውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ሻዩን ጎንጨት አለ።

እቴቴ የጠራችው ለወሬ አይደለም። "ስማኝ፣ ሁሉንም አንሱ አላልኩም፤ እሱ ሞኝነት ነው። አንዷን ብቻ። ይቺን መስኮቴ ፊት ያለችዋን ቆርቆሮ። አንተ ከትልልቆቹ ጋር ነው የምትውለው፣ የሥዕል ሰዎችን ታውቃለህ፣ አንድ ቃል ብትናገርልኝ ምን ይሳናቸዋል? ብርሃኔን ካገኘሁ ሌላውን እኔ አውቃለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ለሬዲዮ ነግሬያታለሁ።" ሬዲዮ ማለት ጎረቤቷ ናት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪዋ፤ ቀን ቀን ገበያ ስለምትውል እሱን በወሬ እንጂ በመልክ አታውቀውም፤ ለእሷ ያወሩት ሳይመሽ ሰፈሩን ስለሚያዳርስ ነው ስሙ የወጣላት። "የእህቴ ልጅ ያስነሣልኛል፣ አርቲስት ነው፣ ይሰሙታል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። እንዳታሳፍረኝ እሺ?"

"ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ እቴቴ፣" አለ። "ዛሬ አገኛቸዋለሁ።" ይሄስ እውነት ነበር። ተነሣና ጉንጯን ስሞ ወጣ፤ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ምን ይደብቁታል፤ ቀለም ቀቢው እሱ ነው። የከተማው የአደባባይ ሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲታወጅ ለአጥሩ ከተመረጡት ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ፤ ይሄ ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የፀጉር ቤት ማስታወቂያና የምግብ ቤት ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራ ሥራ ኖሮት አያውቅም። አጥሩ ለሠዓሊዎቹ ሲከፋፈል ደግሞ ይቺን፣ የአክስቱ ቤት ፊት ያለችውን፣ ለምኖ የወሰደው ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም። ቆርቆሮው እኔ ባልሥልበትም መቆሙ አይቀርም፣ ሌላ ሰው አበባ ከሚበትንበት እኔ እሷን ልሣልበት ብሎ አሰበ፤ ያን ጊዜ ሐሳቡ በጣም አምሮት ነበር፣ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶታል። እናም ሣላት። መስኮቷን ከነመጋረጃው፣ ከነታሰረበት ቁራጭ ጨርቅ፣ እሷን ከነመኪናዋ፣ ክር ልትበጥስ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ፣ የፊት ጥርሷም ሙሉ ሆኖ፣ ፀሐይ ጭኗ ላይ ባለው ቀሚስ ላይ ሞልታ ፈስሳ፤ ልክ ቆርቆሮው ሳይቆም መንገደኛ ያያት እንደነበረው አድርጎ። ሲያልቅ ይዟት መጥቶ ሊያስደንቃት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፊቷን እየሣለ፣ ጉንጯ ላይ ብሩሹን አሳርፎ ሳለ፣ ቆርቆሮው ከወዲያ በኩል በጡጫ ተመታ። "ቀስ በል እንጂ፣ ሰው አለ እኮ!" ድምፅዋን አወቀው። "እኔ ነኝ እቴቴ" ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ይሄን ካለ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ አሰበና ትንፋሹን ዋጠ። እስክትተወው ብሩሹን ሳያንቀሳቅስ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ልብሱን ቀይሮ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነው የሚሠራው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ሥዕሉ ጥሩ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥዕል ሥሎ አያውቅም።

ነዳጅ ማደያውን ዞሮ ወደ መንገዱ ሲወጣ ሌላ ከተማ የገባ መሰለው። አስፋልቱ ታጥቧል። አጥሩ በሙሉ ቀለም በቀለም ሆኗል፤ ወፍ፣ ፏፏቴ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይፈተሻል። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዎች ግን ሁሉም ይስቃሉ። የእሱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው ማንም የማይስቀው፣ ሴትዮዋ ሥራዋ ላይ ናት። የዐውደ ርዕዩ አስተባባሪ ፊቷ በርቶ እየሮጠች መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስልኳን ከእጇ የማትለይ ሴት ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። የዛሬውን ምርቃት የመጥሪያ ካርድ አሳየችው። ከሥዕሎቹ ሁሉ መርጠው ካርዱ ላይ ያወጡት የእሱን ነው።

"የከተማው ኃላፊ ራሱ ነው የመረጠው!" አለችው። "ስማ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ የድልድዩን ግድግዳ ላንተ ሊሰጡህ ነው። ሙሉውን! ሌላ ሰው አይገባበትም።" ድልድዩን ያውቀዋል። በታክሲ ባለፈ ቁጥር ግድግዳውን እያየ፣ እዚህ ጋ እንዲህ፣ እዚያ ጋ እንዲያ እያለ በሐሳቡ ሲሥልበት ዓመታት አልፈዋል። ደስታው ወጣና ግማሽ ላይ ቀረ። አሁን ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር ገባው። እጁን አሻሸ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ያቺን... የኔዋን ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ያለባትን... ማንሣት ይቻል ይሆን?"

አስተባባሪዋ የቀለደ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን አቆመች። "የቷን? ካርዱ ላይ ያለችዋን? ለምን?" ስልኳን ዝቅ አድርጋ በደንብ ተመለከተችው። "ማን ጠየቀ? ችግር አለ? ንገረኝ፣ እውነቴን ነው፣ ችግር ካለ ከኃላፊው ጋር እነጋገራለሁ።"

እንግዲህ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። "አክስቴ ከኋላው ትኖራለች፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጨልሞባታል" ማለት ብቻ ነበር። ትሰማው ነበር፤ ምናልባት ቆርቆሮውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ያቆሙላት ነበር። ነገር ግን ከተናገረ ወሬው ኃላፊው ጋ ይደርሳል፤ ኃላፊው ደግሞ ከአጥሩ ጀርባ የሚኖር ዘመድ ያለውን ሠዓሊ እንዴት እንደሚያየው ማን ያውቃል? ድልድዩም ታወሰው።

"ዝም ብዬ ነው፣" አለ። "የብርሃኑ ነገር አላማረኝም፣ ልነካካው ብዬ ነው።"

"ኧረ ተው! እናንተ ሠዓሊዎች ደግሞ መቼም አትረኩም!" ብላ ትከሻውን መታ አድርጋ ሄደች። እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ። 

ምርቃቱ ተጀመረ። ኃላፊው ደርባባ ሰውዬ ነው፣ ወረቀት ሳያይ ይናገራል። ይሄ መንገድ ሲያሳፍረን የኖረ መንገድ ነበር አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ዓይናችንን የምናሳርፍበት ጠፍቶን ነበር፤ ዛሬ ግን ቀና ብለን እንሄዳለን አለ። ተጨበጨበ። ሠዓሊው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮ አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ። ከዚያ እንግዶቹ ሥዕሎቹን እየተዘዋወሩ ያዩ ጀመር፤ አብዛኛው ሰው ሄዶ ሄዶ የእሱ ሥዕል ፊት ይቆማል። አንዲት ጋዜጠኛ ማይክሮፎኗን አፉ ሥር ደቀነችለት። ካሜራው በራ። ስለ ቀለሙ ጠየቀችው፣ መለሰ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ አለችው፣ መለሰ። ልቡ ትንሽ ትንሽ እያለ ሞቅ አለው፣ ድምፁም ከፍ አለ፤ ሰው ሲከበው ደስ ይላል፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ያን ጊዜ ነው ያያት። ሬዲዮ ክንዷን ደግፋ በሰው መሃል እየሰነጠቀች አመጣቻት። እቴቴ የክት ልብሷን ለብሳለች፤ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ያንን ሁሉ መንገድ በዚያ ጉልበቷ ዞራ መጥታ ፊቷ በላብ ወዝቷል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቆርቆሮው ሲነሣ ልታይ ነው የመጣችው። ሬዲዮ ሥዕሉን ስታይ አፏን ያዘች። "ውይ! አንቺን ቁርጥ! መጋረጃሽ፣ እዪው መጋረጃሽን!" እቴቴ መጀመሪያ ሥዕሉን አየች፤ ከላይ እስከ ታች፣ የተሰጣትን ጨርቅ እንደምታገላብጥ ዝግ ብላ አየችው። ከዚያ ከሥዕሉ ሥር ማይክሮፎን ይዞ የቆመውን ሰው አየች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም። የምትጠብቅ ትመስል ነበር፤ አሁን ይናገራል፣ ለዚህ ነው እዚያ የቆመው፣ የሚል ፊት ነበር።

"እና ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለች ጋዜጠኛዋ። "በእውን ያለች ሰው ናት?"

 ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ብሎ ይሰማል። አስተባባሪዋ አውራ ጣቷን አነሣችለት።

"አይ፣" አለ። "ማንም አይደለችም። ከሐሳቤ ነው የፈጠርኳት።"

"ሰማሽ?" አለች ሬዲዮ፣ ሹክሹክታ በመሰላት ነገር ግን ሁሉም በሰማው ድምፅ። "ማንም አይደለችም አለ እኮ!" አንዳንዱ ሳቀ። ፎቶግራፍ አንሺው ኃላፊውንና ሠዓሊውን ከሥዕሉ ፊት ሊያነሣ ቦታ እያስለቀቀ ነበርና፣ "እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ሥዕሉን ከልለውታል" አላት። እቴቴ "ይቅርታ ልጄ" ብላ ፈቀቅ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሬዲዮ ክንድ ተደግፋ፣ ወደ ማደያው በኩል መንገዷን ተያያዘችው። ሠዓሊው ፎቶ ተነሣ። ሁለተኛም ተነሣ፤ መጀመሪያው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል ተብሎ።

ወዲያው ተከትሏት ቢሄድ ጥሩ ነበር። አልሄደም። ቀዝቃዛ መጠጥ ሰጡት፣ ጠጣ፤ እጅ ጨበጡት፣ ጨበጠ፤ የድልድዩን ነገር ኃላፊው ራሱ ጆሮው ላይ ነገረው፣ አመሰገነ። በመጨረሻ ድንኳኑን ሊያፈርሱ ሲጀምሩ ምክንያት አለቀበትና ማደያውን ዞሮ ገባ። ከአጥሩ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው፤ በአንድ በኩል የቤቶቹ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ቆርቆሮው። ባለፈባቸው በሮች ሁሉ ሰው እያየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እቴቴ የክት ልብሷን ሳታወልቅ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። አምፖሉ በርቷል። በሩ ላይ ሲቆም አየችውና እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። የሚለውን ሁሉ በመንገድ አዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን አንዱም የለም። "እቴቴ፣ ልነግራቸው ነበር..." ብሎ ጀመረ።

"ጥርሴን ተክለህልኛል፣" አለችው። "አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ።"

ይሄን ያለችው ለነገር ይሁን ከልቧ አላወቀም። ምነው በሰደበችኝ አለ በሆዱ። ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ በጨርቅ መቀሷ ጀርባ ጉልበቱን ትመታው ነበር፤ ያማል፣ ግን ወዲያው ያልቃል፣ እራትም አብረው ይበላሉ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ይቅርታ ሊጠይቃት፣ እግሯ ላይ ሊወድቅ፣ ነገ ጠዋት ራሱ መዶሻ ይዞ ሊነቅለው፣ ይሄን ሁሉ ሊላት አሰበ። ያን ጊዜ የሬዲዮ ድምፅ ከመተላለፊያው ተሰማ፤ እየመጣች ነው፣ ከሩቁ ታወራለች።

እቴቴ እንደዚያ ፈጥና ስትነሣ አይቷት አያውቅም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ያዘች፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እግሩ ሥር ተንበረከከችና የሱሪውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። "ኧረ እቴቴ፣ ተነሺ..." አላት ደንግጦ። "ቀጥ ብለህ ቁም፣" አለችው ከስፒሎቹ መሃል።

ሬዲዮ በሩን ሞልታ ቆመች። "እንዴ! ይሄ ያ ሠዓሊ አይደለም?"

"ነው፣" አለች እቴቴ። "ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው።"

"ጥሩ እግር ጥሎሃል አንተ! ና እስቲ እየኝ! ይሄን ስትለቀልቅ ከኋላው ሰው ያለ አልመሰለህም? እናት የለህም? ይቺ ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ..."

"ተዪው በይ፣ ደንበኛ አታባሪብኝ። ስንት ቀርቶኝ ነው?" እቴቴ አንድ ስፒል ሰካች፤ እጇ ረጋ ያለ ነው። ሬዲዮ እያጉረመረመች አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች፤ ለመሄድ አልመጣችም።

"የእህትሽ ልጅስ?" አለች ጥቂት ቆይታ። "ዛሬ ያስነሣልኛል ያልሽው? ያን ሁሉ መንገድ አንፏቀሽ አስኬድሽኝ፣ ቆርቆሮው እንደሆነ ይኸው!"

 ሠዓሊው የአክስቱን ፀጉር ከላይ ያየዋል፤ መሃሉ ሳስቷል፣ እስከ ዛሬ አላስተዋለውም ነበር። እቴቴ ከአፏ የመጨረሻውን ስፒል አወጣች።

"አልመጣም፣" አለች። "እሱ ቢመጣማ ዝም አይልም ነበር።"

"እኔ ድሮም አላምነውም!" አለች ሬዲዮ። "በወሬሽ ብቻ ሲመጣ ሲሄድ... አንድ ቀን እንኳ መልኩን አይተነው እናውቃለን?"

"እንዲያ አትበዪው። ጥሩ ልጅ ነው።"

አሁን ነበር ጊዜው። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር፤ ሬዲዮ ትጮህ ነበር፣ ሰፈሩ ይሰበሰብ ነበር፣ ይሰድቡት ነበር፣ ከዚያ ግን የእቴቴ ልጅ ሆኖ ይሰደብ ነበር። ከንፈሩ ተላቀቀ። ሁለቱም ሴቶች አዩት፤ አንዷ ከአልጋው ላይ፣ አንዷ ከመሬት። እቴቴ እጇን ሱሪው ላይ እንዳደረገች ቆየች፤ ለቅቃው አልተነሣችም።

"መቼ ልምጣ?" አለ።

እቴቴ አልጋውን ደግፋ፣ እያቃሰተች ተነሣች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው።

"ቀን አልቆርጥልዎትም ጌታዬ፣" አለችው። "በዚህ ጨለማ ቶሎ አይደርስልኝም።"

"እሺ እማማ፣" አላትና አንዱ የሱሪው እግር በስፒል እንደተያዘ ወጣ።